በአል ዐይን የለጠፍኩት ማስታወቂያ

ልጄ ሰሞኑን ለዩኒቨርሲቲ ጥናቷ የሚሆን መጠይቅ ይዛ መጣችና ከእራት በፊት ፊቴ አስቀመጠችው። ወታደሮች ሐሰተኛ ወሬ ሲደርሳቸው እንዴት ያዩታል፣ ምንስ ያደርጋሉ የሚል ነው። «ዳዲ፣ አንተ ወታደር ነበርክ አይደል? ፋይቭ ሚኒትስ ብቻ ነው፣ ፕሊስ» አለችኝ። እዚሁ አቡ ዳቢ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ አማርኛዋ መንገድ ላይ ይደክመዋል። መነጽሬን አድርጌ ጀመርኩ። ስም አይጻፍም፣ ዕድሜ ይጻፋል፣ ስንት ዓመት እንዳገለገልኩ ይጻፋል። እስከዚህ ደህና ነበርኩ። ሦስተኛው ጥያቄ፣ ያጠራጠረህን ወሬ እውነትነት ለማረጋገጥ ምን አደረግህ ይላል። ከሥሩ ምልክት የሚደረግባቸው ትንንሽ ሳጥኖች አሉ። የመጀመሪያው «የቅርብ አለቃዬን ጠየቅሁ» የሚል ነው።

ደሜ ፈላ። አለቃህን ጠየቅህ! አለቃው ራሱ ውሸቱን ያመጣው ከሆነስ የሚል ሳጥን ፈለግሁ፤ የለም። ውሸቱን ያነበብከው አንተ ራስህ ከሆንክስ የሚልማ ከየት ይመጣል። ወረቀቱን ገፋ አድርጌ «ሌላ ቀን እሞላልሻለሁ» ስላት ልጄ የተቆጣሁት በእሷ መሰላት። ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ሰፈራችን አል ዛሂያ እንደ ልማዱ ታክሲውን እያስጮኸ ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ አልፎታል፣ ግን ያ የአል ዐይን ነሐሴ ትዝ ባለኝ ቁጥር ዛሬም እርር ድብን እላለሁ።

የኢራቅ ጦርነት ከተጀመረ ገና አንድ ዓመት ከጥቂት ወር ነበር። እኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። አል ዐይን ዳር፣ ጋራዦችና መጋዘኖች ባሉበት ሰፈር፣ በአንድ የጥበቃ ድርጅት ካምፕ ውስጥ ዐሥራ አራት ኢትዮጵያውያን እንኖር ነበር። ሁላችንም ማለት ይቻላል ከድንበሩ ጦርነት በኋላ የተሰናበትን ወታደሮች ነን። የላከን ደላላ አዲስ አበባ ላይ ወታደር ይመርጥ ነበር፤ ዐሥራ ሁለት ሰዓት መቆም የሚችልና ለምን ቆምኩ ብሎ የማይጠይቅ ሰው ነው የሚፈለገው። ቀኑን የባንክና የትምህርት ቤት በር እንጠብቃለን፣ ማታ በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ሽሮ እናንተከትካለን። ሙቀቱን ለማያውቀው መናገር ከንቱ ነው። ነሐሴ ላይ ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ እጅ ያቃጥላል፤ እኛ ማታ ባልዲ ሞልተን አሳድረን ነበር ጠዋት የምንታጠበው። ነሐሴ ግን ቴምሩ የሚበስልበትም ጊዜ ነው፣ በየመንገዱ ዳር ዘለላው ከብዶት ይወርዳል፣ አላፊ አግዳሚው ይለቅማል። ያን ያህል ጭካኔና ያን ያህል ቸርነት በአንድ ወር ውስጥ ሳይ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ከዐሥራ አራቱ አንዱ ጌታሁን ነበር። ግንባር ላይ አንድ ሻምበል ውስጥ ነበርን፤ እሱ መትረየስ ተሸካሚ፣ እኔ ደግሞ አንባቢ። አንባቢ የሚባል ማዕረግ የለም፣ ሥራው ግን አለ። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ በመሆኔና ድምፄ ስለሚሰማ፣ ከላይ የሚመጣውን መግለጫ ጠዋት ጠዋት ለሻምበሉ የማነበው እኔ ነበርኩ። ሬዲዮ ብለው ያወጡልኝ ስም አል ዐይን ድረስ ተከትሎኝ መጣ። እዚያም ዕድሌ አልተለወጠም። እንግሊዝኛዬ ትንሽ ይሻላል ተብዬ ቡድን መሪ ሆንኩ። አለቃችን ካን፣ ሃያ ዓመት በአገሩ ጦር ውስጥ ያገለገለ ሽበታም ፓኪስታናዊ፣ ትእዛዙን ለእኔ ይነግረኛል፣ እኔ ለልጆቹ በአማርኛ እነግራለሁ። ዛሬ ሳስበው እዚያ ወንበር ላይ ዳግመኛ መቀመጤ ራሱ ያበሳጨኛል።

ጌታሁን እጮኛ ነበረችው። ለምለም ትባላለች፣ የሰሜን ልጅ፣ ፈላጅ ሃዛ በሚባል የአል ዐይን ሰፈር በአንድ ቤት ሠራተኛ ነበረች። ማዳሟ ጥሩ ሰው ናት። የጌታሁን ውል ጥቅምት ላይ ሲያልቅ በቤቱ ሾፌርነት ልትቀጥረውና ካፊል፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዱ ዋስ፣ ልትሆነው ቃል ገብታለች። ይህ ማለት ሁለቱ በአንድ ግቢ እየሠሩ ተጋብተው ሊኖሩ ነው። በዚህ አገር ላለ ሠራተኛ ከዚህ የበለጠ ምን ሎተሪ አለ? ሁለት ወር ብቻ ነበር የቀረው። በሁለት ወር ውስጥ ኢቃማውን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ የሚያበላሽ ነገር አለማድረግ ነበር የጌታሁን ሥራ።

እንግዲህ ጉዱ የመጣው በዚህ መሐል ነው። አንድ ዓርብ ልጆቹ አቡ ዳቢ ለቤተ ክርስቲያን ሄደው ሲመለሱ ወሬ ይዘው መጡ። አንድ ሾፌር፣ ባግዳድ ለጥበቃ የቀድሞ ወታደር የሚቀጥሩ አሉ ብሎ አውርቶላቸዋል። ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም። አቡ ዳቢ ላይ የሌላ ሰው ወሬ የነበረው ነገር፣ አውቶቡሱ አል ዐይን እስኪደርስ ባለው አንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ የእኛ ሆኖ ገባ። ድርጅታችን ሸጦናል፣ ከአል ዐይን ኤርፖርት በቀጥታ ባግዳድ ልንጫን ነው ተባለ። እኔ ሳቅሁ። ያን ሳቄን ብመልሰው ደስ ይለኝ ነበር።

ምክንያቱም በሚቀጥለው ሳምንት ካን አዲስ ጥቁር ቡት ጫማ አደለን። በነጋታው የደም ዓይነታችን የሚጻፍበት አዲስ መታወቂያ ሊሠራልን ነው ተባለና ክሊኒክ ተወሰድን። ከዚያም አንድ ፎርም መጣ፤ አደጋ ቢደርስ የሚጠራ የቅርብ ዘመድ ስምና ስልክ። «ወደ አዲስ ቦታ ልትዛወሩ ነው፣ የት እንደሆነ አሁን መናገር አልተፈቀደልኝም» አለ ካን።

ግንባር የኖረ ሰው የሚነገረውን አይሰማም፣ የሚደረገውን ነው የሚያየው። ፍሪዳ ከተጣለ ማጥቃት አለ። ጫማ ከታደለ ረጅም መንገድ አለ። የተጠሪ ስም እንደ አዲስ ከተመዘገበ ብዙ ሰው ይሞታል ብለው አለቆች ገምተዋል። አለቃ ሳይጠየቅ ምንም ነገር የለም ካለ ደግሞ ቶሎ ሻንጣህን እሰር። ይህን ማንም አላስተማረንም፤ እየቆየ ገባን፣ ብዙ ጊዜም ትክክል ነበር። ሲቪል ሰው ቢሆን አዲስ ጫማ ሲሰጠው ደስ ይለዋል። የእኛ ልጆች ጫማቸውን አልጋ ሥር ገፉት።

ካንን ሄጄ ጠየቅሁት። «ኢራቅ? ማን ነው እሱን ያለው? የለም። ኸላስ! አበቃ!» አለኝ፣ ከልቡ ነበር። ተመልሼ ነገርኳቸው። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፣ አንድም ሰው አልተከራከረኝም፣ አንድም ሰው አላመነኝም። አንዱ እንዲያውም «ካን ተቆጥቷል? እንግዲያው ቅርብ ነው» ሲል ሰማሁት። በማግስቱ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ገዝቼ መጥቼ አሳየኋቸው። ስለ እኛ ምንም የለም ስላቸው «እሱማ በምስጢር ነው እንጂ በጋዜጣ ይወጣል እንዴ» አሉኝ። ወሬውን ባፈረስኩ ቁጥር ግንብ ይሆናል። ግንባሬን ከግድግዳ ጋር ማጋጨት አማረኝ።

ያን ጊዜ ነው ያን የማይረሳኝን ሥራ የሠራሁት። ማስታወቂያ ጻፍኩ። በጥሩ የእጅ ጽሑፍ፣ በአማርኛ፣ ቁጥር ሁሉ ሰጥቼ፣ ከመመገቢያው ክፍል በር ላይ ለጠፍኩት። ወደ ኢራቅ የሚደረግ ምንም ዓይነት ጉዞ እንደሌለ፣ አባላት ከአሉባልታ ራሳቸውን እንዲጠብቁ፣ ይህን ወሬ ሲያናፍስ የተገኘ ማንኛውም ሰው ተጠያቂ እንደሚሆን የሚል ነው። እጄ ከየት እንዳመጣው አላውቅም፤ ቃል በቃል ግንባር ላይ ሳነበው የነበረው ዓይነት ነበር። ጠዋት ለጥፌው ወደ ሥራ ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ስመለስ ከዐሥራ አራቱ ዐሥሩ ዕቃቸውን ጠቅልለው አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«ምን ሆናችሁ?» ብዬ ጮህኩ።

«ማስታወቂያ ወጣ እኮ» አለኝ አንዱ፣ እንዳልሰማ ሰው እያዘነልኝ።

በማግስቱ ደግሞ በግ መጣ። የድርጅቱ ባለቤት ልጁን ድሮ ስለነበር ለየካምፑ በግ ልኮ ነበር፤ ሕንዳዊው የኬረላ ወጥ ቤት በትልቅ ድስት ብርያኒ፣ የሩዝና የሥጋ ምግብ፣ ሠራው። ነገሩ ሁሉ ቀልድ ይመስላል፣ አውቃለሁ፣ ፍሪዳውም መጣ። እኔ ግን ያን ቀን አልሳቅሁም። ፍልሰታ ገብቶ ነበር። ጌታሁን ፍልሰታን ከልጅነቱ ጀምሮ ያልሻረ ሰው ነው፤ በዚያ ሙቀት ሥራ ላይ ቆሞ ውሎ መጥቶ ምስርና ኹብዝ የሚባለውን የአረብ ዳቦ ይበላ ነበር። ያን ዕለት ሳህኑን ይዞ ተሰለፈ፣ ሥጋውን አስጨመረ፣ ተቀምጦ ቀስ ብሎ በላ። ግንባር ላይ እንዲህ ነበር የምንበላው። ጾም ነው አይባልም፤ ነገን የሚያይ ሰው ነው የሚጾመው። ጌታሁን ሥጋ ሲያኝክ ሳይ ወሬ ሰምቶ የፈራ ሰው አለመሆኑን አወቅሁ። አምኖ ጨርሷል።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ለምለም ደወለችልኝ። ማዳሟ ተኝታ ኖሮ በሹክሹክታ ነበር የምታወራው። «ወንድሜ፣ ጌታሁን ተሰናብቶኝ ሄደ። አቡ ዳቢ ገብቶ ሊጠፋ ነው። ከካፊሉ ከጠፋ ማዳም አትወስደውም፣ ነግራኛለች። እኔ ብለምነው አንቺ አታውቂም አለኝ። አንተ ጓደኛው ነህ፣ ግንባርም አብራችሁ ነበራችሁ፣ አንተን ይሰማል» አለችኝ። አንተን ይሰማል! ታክሲ ይዤ ወደ አቡ ዳቢ ሚኒባስ መነሻው በረርኩ።

ጌታሁን ጥላ ሥር ቦርሳው ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። በወረቀት ጠቅልሎ ቴምር ይዞ ነበር፤ ለእኔም ዘረጋልኝ። አልተጣላንም፣ ይህም ራሱ አናደደኝ።

«ኢራቅ የሚባል ነገር የለም» አልኩት ሳልቀመጥ።

«እሺ።»

«እሺ አትበለኝ! ሁለት ወር ነው የቀረህ። ለምለም እያለቀሰች ነው። በእግዚአብሔር ስም እምልልሃለሁ፣ ካንን ዐይን ዐይኑን እያየሁ ጠይቄዋለሁ።»

ቀና ብሎ አየኝ። «ውሃውም ይመጣል ስትለን በእግዚአብሔር ስም ነበር የማልከው፣ ሬዲዮ» አለኝ። በቁጣ አይደለም፤ የአውቶቡስ ሰዓት እንደሚነግር ሰው ነው የተናገረው።

የውሃውን ነገር መናገር አለብኝ። ግንባር ላይ ሦስት ቀን ውሃ ተቋረጠብን። ሦስቱንም ቀን ጠዋት ተነሥቼ፣ ቦቴው መንገድ ላይ ነው፣ ነገ ይደርሳል ብዬ አንብቤያለሁ። ሰው ሲያጉረመርም ከወረቀቱ ውጪ የራሴን መሐላ ጨምሬበታለሁ። በአራተኛው ቀን ሌላ ጦር መጥቶ ተካንና ወደ ኋላ ሄደን ጠጣን። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አንሥተነው አናውቅም።

ያን ጊዜ እዚያ ጥላ ሥር አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ጥፋቴን ካመንኩለት ያምነኛል አልኩ። ሞኝነቴ! «እንደማይመጣ አውቅ ነበር» አልኩት። «ቦቴው በመጀመሪያው ቀን ተቃጥሏል። የሻምበሉ አዛዥ ነግሮኝ ነበር። ሰው እንዳይሸበር አንብብ አለኝ፣ አነበብኩ። በሁለተኛውም በሦስተኛውም ቀን እያወቅሁ ነው ያነበብኩት። ያኔ ዋሽቼሃለሁ። አሁን ግን አልዋሸሁህም።»

ጌታሁን ቴምሩን ጠቅልሎ ቦርሳው ላይ አስቀመጠ። ወደ መንገዱ አየ። ሳላስበው፣ ሊቀር ነው ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

«ታደለን ታስታውሰዋለህ?» አለኝ።

ታደለ እግሩን ተመትቶ ውሃ በተቋረጠ በሁለተኛው ቀን ያረፈ ልጅ ነው።

«ከጎኔ ነበር። ኮዳዬ ውስጥ ሁለት ጉንጭ የሚሆን ቀርቶኝ ነበር። ሲለምነኝ ከንፈሩን ብቻ አረጠብኩለት። ነገ ሲመጣ እስክትጠግብ ትጠጣለህ አልኩት። አንተን ሰምቼ ነው። እኔ ያኔ አንተን የማምን ሰው ነበርኩ» አለ። ድምፁ አልተለወጠም። «እኔ የመሰለኝ አንተም እንደ እኛ አታውቅም ነበር።»

ሚኒባሱ ሞልቶ ሾፌሩ መጣራት ጀመረ። ጌታሁን ተነሣ፣ ቦርሳውን አነገተ።

«ለለምለም ምን ልበላት?» አልኩት።

«እውነቱን ንገራት። አንተን ታምንሃለች፤ እሷ ግንባር አልነበረችም» አለኝና ገባ።

ከአምስት ቀን በኋላ አዲሱን ጫማችንን አድርገን በአውቶቡስ ተጫንን። ዛፍ በተሰለፈበት በዚያ በረጅሙ የአቡ ዳቢ መንገድ ሄድን። የወረድነው አንድ አዲስ የገበያ አዳራሽ በር ላይ ነው። እብነ በረድ፣ አየር ማቀዝቀዣ፣ አይስክሬም የሚልሱ ሕፃናት! የደም ዓይነት የተጻፈበትን መታወቂያና የዘመዱን ስም የጠየቀው የሕንጻው ኢንሹራንስ ኖሯል። ካን አፉን የዘጋው ውሉ ስላልተፈረመ ነበር። ነገሩን ሁሉ ሳጫውተው ራሱን ይዞ ነው የሰማኝ። «እኔም እኮ ወታደር ነበርኩ። በግ ሲታረድ እኔም ማጥቃት መጣ እል ነበር። ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?» አለኝ። እኔም እሱን፣ አንተስ ቦታውን ለምን ደበቅህ ልለው ፈልጌ ተውኩት። የጌታሁንን መጥፋት የሚገልጸው ወረቀት ላይ የቡድን መሪ ፊርማ ያስፈልግ ነበር። ሦስት ቀን አዘገየሁት፣ ከዚያ ፈረምኩ።

ማዳም እንዳለችው አደረገች። የጠፋ ሰው አልወስድም አለች፤ ሌላ ሾፌር ቀጠረች። ጌታሁን አቡ ዳቢ ዳር ባኒያስ ውስጥ በየቪላው በር መኪና እያጠበ፣ የፖሊስ መኪና ባየ ቁጥር ከቴምር ዛፍ ጀርባ እየቆመ መንግሥት ለጠፉ ሠራተኞች ምሕረት እስኪያወጣ ድረስ ቆየ። ምሕረት ሲወጣ አሻራውን ሰጥቶ አገሩ ገባ። ለምለም እሱ ሊያመጣው የነበረውን ገንዘብ ብቻዋን ልታመጣ እዚያው ቤት ቀረች። ሲጋቡ እሷ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነበር። ከዚያች ከሰዓት በኋላ አንሥቶ አራት ዓመት ሙሉ አልተያዩም።

ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ፣ ወታደር እንዴት እንዲህ ሞኝ ይሆናል፣ እንዴት የአውቶቡስ ወሬ ይዞ ኑሮውን ያፈርሳል ይለኛል። እኔም ለብዙ ዓመት በእነሱ ስናደድ ኖርኩ፤ ጋዜጣ አምጥቼላቸው፣ አለቃ ጠይቄላቸው፣ ምን ላድርጋቸው? አሁን አሁን ግን ንዴቱ አቅጣጫውን ስቶብኛል። ጌታሁን ወሬ የሚያምን ሰው አልነበረም። አንድ ጊዜ አምኖ ሰው የሞተበት ሰው ነበር። ያመነው ደግሞ እኔን ነው።

ዛሬ ጌታሁን ደብረ ብርሃን ጎሚስታ ቤት አለው። ለምለም ባለፈው ወር ደውላ ቤት ሠርተው እንደጨረሱ፣ በጥር እንደሚያስመርቁ ነግራ ጠራችኝ። ስልኩን ለእሱ ሰጠችው። እመጣለሁ አልኩት፣ እግዚአብሔር ያምጣህ አለኝ፣ ስለ ጎማ ዋጋና ስለ ብርዱ አወራን። ከሳምንት በኋላ ስደውል ለምለም ብቻዋን ነበረች። እየሳቀች «አልጋ ላንጥፍለት ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ሲመጣ ይነጠፋል አለኝ እኮ» አለችኝ።

ሁለት ቀን ሙሉ ተበሳጨሁ። ከሚስቴ ጋር ያለ ነገሩ ተጨቃጨቅሁ። ከሃያ ዓመት በላይ! ከዚያ ወዲህ ምን ዋሸሁት? በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስወጣ ወደ ጉዞ ወኪሉ ቢሮ ጎራ ብዬ ትኬት ቆረጥኩ። ለጌታሁን ግን አልነገርኩትም። በሩ ላይ ቆሜ በዐይኑ ይየኝ።